አሁን መጣሁ

የትንቢት ጊዜን ለማስተማር ሰሌዳ ፊት በቆምኩ ቁጥር፣ አንድ ተማሪ ያቺን ስህተት እስኪሠራት እጠብቃለሁ። ብዙም አያስጠብቁኝም። ዘንድሮ የሠራችው ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ወሬ የማያልቅባት ልጅ ናት። ጠመኔ አልቆብኝ ከቢሮ እንድታመጣልኝ ላክኋት። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር ስለማልፈቅድ፣ በሩ ላይ ዞር አለችና «ቲቸር፣ አይ ኬም ናው!» ብላኝ ወጣች።

ማንም አልሳቀም። የሚያስቅ ነገር የሰማ የለማ። ልጅቷ «አሁን መጣሁ» ማለቷ ነው፤ ክፍሉ ሙሉ እንደዚያው ሰምቷታል፣ እኔም ጭምር። ስትመለስ፣ ይዛ በመጣችው ጠመኔ የራሷን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት።

«ኬም ያለፈ ጊዜ ነው። ናው አሁን ነው። አንቺ ደግሞ ገና መሄድሽ ነበር። ሦስቱ እንዴት ነው አብረው የሚኖሩት?»

«በአማርኛ እኮ አብረው ይኖራሉ ቲቸር» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ይኖራሉ። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የእንግሊዝኛው ደንብ ቀላል ነው። ነገ፣ ቶሎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ትንሽ ቆይቶ የሚሉት የጊዜ ተውሳከ ግሶች ከዊል ጋር ይሄዳሉ፤ ትናንት የሚለው አይሄድም። ገና ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ መናገር አይቻልም። እኛ ግን ጫማችንን እያሰርን በስልክ «ደረስኩ» እንላለን። ወንበራችን ላይ ተደላድለን «በቃ፣ ሄድኩ» እንላለን። ይህ ውሸት አይደለም፣ እርግጠኛ መሆናችንን ማሳያ ነው ይላሉ ሰዋስው የሚያውቁ ሰዎች። ይበሉ። እነሱ ከመጽሐፍ ነው የተማሩት፤ እኔ የተማርኩት ከአባቴ ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው አቀበት ላይ፣ አንዲት ክፍል ቤት ነበረችን። የክፍሏን ግማሽ የያዘው የሽመናው እቃ ነው። እቃው ሥር ወለሉ ተቆፍሯል። አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ይሰድና መርገጫውን ይረግጣል፤ መወርወሪያው ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይበራል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ትፈትላለች። እኔ ቀሪዋ ቦታ ላይ አጠናለሁ። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሁለቱም ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ ቁም ነገር የሚነገረው በጋሞኛ ነበር። የሚጣሉት በጋሞኛ ነው፣ የሚታረቁትም እንደዚሁ። የታመመ ሰው ወሬ፣ የአገር ቤት መርዶ፣ ጸሎት፣ ሁሉም በዚያ ቋንቋ ነው። አማርኛ የደጅ ነበር። ለገዢ፣ ለጎረቤት፣ ለታክሲ ረዳት፣ ትምህርት ቤት እንዳይከብደኝ ደግሞ ለእኔ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ጥምቀት ሊደርስ ነው፣ የሀበሻ ልብስ ገበያ የሚደራበት ሰሞን። አባቴ ድሩን ግማሽ ድረስ ሠርቶ እንደተወጠረ ተወውና እግሮቹን ከጉድጓዱ አወጣ። ያለቁትን ነጠላዎች በአሮጌ አንሶላ ጠቀለለ። ጫማውን አደረገ። እናቴ እንዝርቷን ሳታቆም ወዴት እንደሚሄድ በጋሞኛ ጠየቀችው።

«አሁን መጣሁ» አለ፣ በአማርኛ።

«እሺ» አለችው፣ እሷም በአማርኛ።

ይህችን ልውውጥ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ሚስቱ በቤቱ ቋንቋ ጠይቃው በደጁ ቋንቋ የመለሰ ሰው፣ እግሩ ገና ደፉን ሳይሻገር ወጥቷል። ያኔ ግን ማናችንም ይህን አላሰብንም። እናቴ ምሳውን ክዳን አድርጋ ከሰሉ ዳር አስቀመጠችው፤ ሲመሽም ሳታነሳው ቀረች።

ዋናው መንገድ ዳር የሀበሻ ልብስ ሱቅ የነበረው የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። ቀናት ካለፉ በኋላ እናቴ ወደ እሱ ላከችኝ።

«ጋሼ፣ እማዬ አባባን አይተውት እንደሆነ ጠይቂ ብላኛለች።»

ሰውዬው የሚያጥፈውን ቀሚስ እንደገና ፈትቶ አጠፈው። «ሰሞኑን ይመጣል በያት» አለኝ።

«ሰሞኑን» አስቸጋሪ ቃል ነው። «ሰሞኑን አይቼው ነበር» ሲባል ያለፈ ነው፤ «ሰሞኑን ይመጣል» ሲባል ወደፊት ነው። ወዲያም ወዲህም ያያል። ተማሪዎቼ ሪሰንትሊ ብለው ይተረጉሙትና «አይ ዊል ካም ሪሰንትሊ» ብለው ይጽፉልኛል፣ እኔም በቀይ እሰርዘዋለሁ። ያኔ ግን የምሰርዝበት ቀይ እስክሪብቶ አልነበረኝም። የተነገረኝን ተሸክሜ አቀበቱን ወጣሁ።

እናቴ «ሰሞኑን አለ?» አለችና ወለሉን መጥረግ ጀመረች። ጉድጓዱንም ወርዳ ጠረገችው።

ቀጥሎ የላከችኝ ጊዜ «ለፋሲካ» አለኝ። ፋሲካ አለፈና «ክረምቱ ሲወጣ» አለ። ክረምቱ ወጣና «በቅርቡ» አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ገዢዎች ቆመውበት ስለነበር ሳያየኝ «ይመጣል፣ ይመጣል» ብሎ ሸኘኝ፤ ጊዜም አልጨመረበት። የጊዜ ተውሳከ ግስ የሚባለውን ነገር፣ ስሙን ሳላውቅ፣ ከዚያ ሱቅ ወደ ቤታችን ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ሰውዬውን አልፈርድበትም ብል ግን ውሸት ነው። አባቴ የት እንዳለ ያውቅ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር አንቲል በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለን። አላሰብኩም፣ እጄ ቶሎ ጻፈ። «ማይ ማዘር ዊል ዌይት አንቲል ማይ ፋዘር ዊል ካም።» እናቴ አባቴ እስኪመጣ ትጠብቃለች ማለቴ ነው። ሁለት ዊል ነበረው። አንደኛው የእናቴ ነው፣ ሁለተኛው የአባቴ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አነበበና የእናቴን ትቶ የአባቴን በቀይ ሰረዘው።

«ከአንቲል በኋላ ዊል የለም» አለኝ። «መጠበቋ ነው ትንቢት የሚሆነው።»

ሰውየው ደንቡን ነው ያስተማረኝ፤ ሌላ ነገር አላወቀም። ከዚያ ወዲህ ይህን ደንብ ተሳስቼ አላውቅም። ተማሪዎቼም ሲሳሳቱ አልምራቸውም።

አባቴን ያገኘሁት ኮሌጅ ስማር ነው። የሄደው ውጭ አገር አይደለም፣ አልሞተም፣ አልታሰረም። አዲሱ ገበያ ነበር። ከሽሮ ሜዳ የአንድ ታክሲ መንገድ። መስኮት ዳር ተቀምጬ ረዳቱ መልስ እስኪሰጠኝ ስጠብቅ፣ ከአንዲት ሴት ጋር ድንች ሲመርጥ አየሁት። አንድ በአንድ እያነሳ ያገላብጣል፣ የበሰበሰውን ይመልሳል፣ ሴትየዋ ዘንቢሉን ከፍታ ትይዝለታለች። ወፍሯል። ፊቱ የሚጠበቅ ሰው ፊት አይመስልም። ታክሲው ተነሳ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ጥላቻ እስካሁን ድረስ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድም አልፈለግሁ።

እየሮጥኩ አቀበቱን ወጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። ያየሁትን ሁሉ፣ ድንቹንም፣ ሴትየዋንም። እንዝርቷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ቆየ እኮ። የአጎቱ ልጅ ነግሮኛል። በልጅ አፍ አይሆንም ብሎ ራሱ መጥቶ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምንድነው የምትጠብቂው?» ጮህኩ። ጎረቤት ይሰማል አላልኩም።

«መጣሁ ብሎኝ ነው የወጣው። ሄድኩ ቢለኝ ኖሮ እኔም የምሆነውን አውቅ ነበር። መጣሁ አለኝ፣ እሺ አልኩት። አሁን እኔ ቤቱን ዘግቼ ብሄድ ጥዬው የሄድኩት እኔ ልሆን ነው።»

እንዲህ ዓይነት ሴት ናት። ሌላው ሰው የሰጠውን ቃል ሲበላ፣ እሷ ያለቻትን አንዲት «እሺ» እንደ አደራ እቃ ትጠብቃለች። ስሰማት አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን አዝኜላት ብቻ አይደለም፣ ተናድጄባት ጭምር ነው።

ተመርቄ ዊንጌት አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ከጊዜ በኋላ እዚያው ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ፤ አንዱ ክፍል የእሷ ነው። አልጋ ገዛሁ፣ ፍራሽ ገዛሁ፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእሷ መረጥኩ። አልመጣችም። እሁድ እሁድ ከዊንጌት በአዲሱ ገበያ በኩል፣ በእሱ ሰፈር አልፌ፣ ሽሮ ሜዳ እሄዳለሁ። እሷ ዘንድ ተቀምጬ እለምናለሁ።

«እማ፣ ጉልበትሽ እኮ አቀበቱን አይችለውም። ቤቱ እርጥበት ነው። እኔ ዘንድ ሆነሽ የምትፈልጊውን ፍተይ።»

«እሱ መጥቶ በሩ ዝግ ሆኖ ቢያገኘውስ?»

ከቤት የምትወጣው በየወሩ በማርያም ቀን ወደ እንጦጦ ማርያም ለመውጣት ብቻ ነበር። ያኔም ቁልፉን ለጎረቤት ትተዋለች፣ ቢመጣ ብላ። ጉልበቷ ሲከዳት ያንንም ተወችው። አንድ ወጣት ሸማኔ የእቃውን ቦታ አከራዩኝ ብሎ ለመናት፣ «ባለቤት አለው» ብላ መለሰችው። ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል። በጣሳ እየቀዳች ደጅ ትደፋለች፤ በማግስቱ ይሞላል፣ እንደገና ትቀዳለች።

«ይደፈን ይሄ ጉድጓድ!» እላታለሁ።

«ሲመጣ እግሩን የት ሊያስገባ ነው?»

በሳምንቱ የሥራ ቀናት ለሰው ልጆች የወደፊቱን ጊዜ አስተምራለሁ። ባይ የሚለውን እና አንቲል የሚለውን ሁለቱንም «እስከ» ስለምንላቸው ተማሪዎቼ ይቀላቅሏቸዋል። አንዱ፣ ነገሩ ከዚያ በፊት ያልቃል ማለት ነው፤ ሌላው፣ እስከዚያ ድረስ ይቀጥላል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሰሌዳ ላይ መስመር እያሰመርኩ በደንብ አስረዳለሁ፣ በዚህስ አልታማም። እሁድ ሲደርስ ግን አንዲት ሴት ከአንድ ግስ ውስጥ ማውጣት አቅቶኝ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

መስከረም እየወጣ ሳለ ነው። እሁድ ከሰዓት። ጉድጓዱ ገና መድረቁ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ እለምናለሁ፣ እናቴ እንደ ልማዷ ትፈትላለች። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ሽማግሌ ገፋ አድርጎ ገባ። ኮቱ ሰፍቶታል፣ በፌስታል ሙዝ ይዟል፣ የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። ደፉ ላይ ቆመ፣ ቤቱን አየ፣ የሽመናውን እቃ አየ፣ እናቴን አየ።

«መጣሁ» አለ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግሱና ጊዜው ተስማሙለት።

አዲሱ ገበያ ያለችው ሴት ሲታመምባት እንደሸኘችው በኋላ ከአጎቱ ልጅ ሰማን። በዚያች ሰዓት ግን ምንም አላወቅንም፣ ምንም ለማወቅም አልፈለግሁ። ትንሽ ሆኜ አንተ እለው ነበር። አሁን ተነስቼ፣ መንገድ ለጠፋው ለማላውቀው ሽማግሌ እንደሚባለው፣ «እርስዎ ማንን ፈልገው ነው?» አልኩት።

«ተይ አንቺ» አለችኝ እናቴ። እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች።

እሱ በጋሞኛ ጀመረ። ድምፁ ተሰባብሯል። ጉልበቷን ጠየቃት፣ ዓይኗን ጠየቃት፣ የአገር ቤት ሰዎችን ጠየቃት። የቤቱን ቋንቋ አሁን ፈለገው። እናቴ ሁሉንም በአማርኛ መለሰችለት።

«ደህና ነኝ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

መቀመጫ አልመረጠም። እግሩ ራሱ ወሰደውና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ሰደደ። መወርወሪያውን ካለበት አንስቶ በኮቱ እጅጌ አቧራውን ጠረገው። እናቴ እጁን አስታጠበችው፣ ምግብ አቀረበችለት፣ ጨው አነሰ ወይ ብላ ጠየቀችው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ስቃጠል ቆየሁ። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። እድሜዋን በላው፣ የተረፈውን ደግሞ ሊያስታምምበት መጣ። የገዛሁት አልጋ ማንም ሳይተኛበት ይቀራል፤ ጉልበቷ እያመማት ለእሱ ውኃ ስትቀዳ ልታረጅ ነው።

በልቶ ጨረሰ። እናቴ ሳህኑን አጠበች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከምስማሩ ላይ ነጠላዋን አውርዳ ለበሰች። ቁልፉን እዚያው ምስማር ላይ ሰቀለችው። የጥጡን ሰፌድ ትታ እንዝርቷን ብቻ አነሳችና ነጠላዋ ውስጥ ያዘችው። ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ደረሰች።

ወዴት ነሽ አላት፣ በጋሞኛ።

«አሁን መጣሁ» አለችው፣ በአማርኛ።

«እሺ» አለ።

ወጣች። ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው እንዝርት አይዝም። ለእኔ ገብቶኛል፣ ለእሱ አልገባውም። ወዲያው መከተል ነበረብኝ፣ ግን አልተከተልኳትም። እውነቱን ልናገር፣ ሲጠብቅ ላየው ፈልጌ ነው። መወርወሪያውን በእጁ እያገላበጠ በሩን አየ። ሙዙን ከፌስታሉ አውጥቶ አንድ ለእኔ ዘረጋልኝ፣ አልተቀበልኩትም። መልሶ በሩን አየ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። የታየኝ እናቴ በጣሳ የቀዳችው ውኃ ነው፣ ያ ሁሉ ክረምት።

«ምን ልትገዛ ነው?» አለኝ በመጨረሻ። «መቼ ነው የምትመለሰው?»

የጊዜ ተውሳከ ግስ ማስተማር ሥራዬ ነው። ብዙ አውቃለሁ፣ ቶሎም አለ፣ በቅርቡም አለ፣ ለፋሲካም አለ። እኔ ግን በልጅነቴ ከአጎቱ ልጅ ሱቅ መጀመሪያ ተሸክሜ የመጣሁትን መለስኩለት።

«ሰሞኑን» አልኩት።

በሩን እንደነበረው ገርበብ አድርጌ ወጣሁና ቁልቁለቱን ወረድኩ። እናቴ ታክሲ ተራው ጋ፣ ወደ ዊንጌት በሚሄደው ሰልፍ መሀል እንዝርቷን ታቅፋ ቆማለች። ከፊቷ ለእኔ ቦታ ይዛልኛለች። ስታየኝ ሰዎቹን ገለል አድርጋ አስገባችኝ።

«ቆየሽ» አለችኝ።